ሥራውን ያቅልሉት፦ ትንሽ ድርጅት በአነስተኛ ወጪ የሠራተኞቹን ጤና የሚጠብቅበት መመሪያ

ስምንት ሆነን የምንሠራበት ቢሮ ነበር። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም። መድከማችንን አይቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስፖርት አሠልጣኝ ጠራልን። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፉ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስንሳሳብና ስንተነፍስ ቆየን። ሳቅን፣ ፎቶ ተነሣን። የዚያን ቀን ሥራ ግን ያው የዚያን ቀን ሥራ ነው፤ ማንም አልቀነሰልንም። ሁላችንም አንድ ሰዓት አምሽተን ወጣን። አንዷ ባልደረባችን በር ላይ ቆማ «ሁለተኛ እንዲህ አድርገው እንዳያሳርፉን!» አለች።

ስለ ሠራተኛ ጤና ፕሮግራም በተወራ ቁጥር ያቺ ንግግር ትዝ ትለኛለች። ይህን የምጽፈውም የሰው ኃይል ክፍል ለሌላቸው፣ ባለቤቱ ራሱ ሒሳቡንም ደንበኛውንም የተበላሸውን በርም ለሚያይባቸው ድርጅቶች ነው። አምስት ሰው ይኑርዎት ሠላሳ፣ እዚህ ካለው አብዛኛው ነገር ከገንዘብ ይልቅ ውሳኔ የሚጠይቅ ነው።

መጀመሪያ ግን ገንዘብዎን የሚያድን አንድ ነገር ልንገርዎት። በ2019 በአሜሪካ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ታትመዋል። አንዱ ቢጄስ በሚባል የጅምላ መደብር ሰንሰለት ውስጥ 160 የሥራ ቦታዎችንና ወደ 33,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ያየ ነው። በዕጣ በተመረጡ 20 ቦታዎች ላይ ስለ አመጋገብ፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ጭንቀት ትምህርት ተሰጠ። ከ18 ወር በኋላ «ስፖርት እሠራለሁ፣ ክብደቴን እቆጣጠራለሁ» የሚሉ ሰዎች በዙ። የደም ግፊታቸው፣ ኮሌስትሮላቸው፣ ከሥራ የቀሩበት ቀንና የሕክምና ወጪያቸው ግን ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው ሰዎች ጎላ ብሎ የተለየ አልነበረም። ሁለተኛው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5,000 በሚጠጉ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ነው። እሱም ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ይባስ ብሎ፣ ለፕሮግራሙ በብዛት የተመዘገቡት መጀመሪያውንም ብዙ የሕክምና ወጪ ያልነበረባቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ።

ስለዚህ የጂም ካርድ ወይም የስልክ መተግበሪያ መግዛት ስላልቻሉ አይቆጩ። በሌላ በኩል፣ ሥራው ራሱ ሰውን እንደሚያሳምም በደንብ ይታወቃል። በ1985 የተጀመረውና ከ10,000 በላይ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞችን ሲከታተል የቆየው የኋይትሆል ሁለተኛው ጥናት፣ በገዛ ሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድል ያነሳቸው ሰዎች ለልብ በሽታ ይበልጥ ተጋልጠው እንደሚገኙ አሳይቷል። ትልቅ ኩባንያ አሠራሩን ለመቀየር ኮሚቴ ያቋቁማል። እርስዎ ነገ ጠዋት መቀየር ይችላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሕግ ግዴታዎን «ፕሮግራም» ብለው አይጥሩት። የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የዓመት ፈቃድ፣ የአደጋ መከላከያ ዕቃ፣ እነዚህ የሚሞገሱበት ስጦታ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሰኔ 2022 ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል። መጀመሪያ እሱን ያሟሉ።

ደረጃ 1፦ ሁለት ሳምንት ዝም ብለው ይመልከቱ

ምንም አይግዙ፣ ምንም አያውጁ። አንድ ደብተር ይያዙና በየቀኑ ሦስት አራት መስመር ይጻፉ። ማን አምሽቶ ወጣ? ምሳውን ኮምፒውተሩ ፊት የበላ ማነው? የትኛው ዕቃ በቀን ስንት ጊዜ ከወለል ላይ ይነሣል? ማታ ለሠራተኛ መልእክት የላከ አለ? ይህን የመጨረሻውን ሲጽፉ ሐቀኛ ይሁኑ፤ ብዙ ጊዜ የላኩት እርስዎ ነዎት።

የጤና መረጃ አይመዝግቡ። ማን ምን ታመመ፣ ማን ምን መድኃኒት ይውጣል የሚለው የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። የሚከታተሉት ሥራውን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። ማክሰኞ ማክሰኞ ዕቃ ሲገባ ሁሉም ይጣደፋል እንበል፤ ወይም የወሩ መጨረሻ አንድ ሰው ብቻ ይጨርሳል። እሱን ይያዙ።

ደረጃ 2፦ ይጠይቁ፣ ግን ስም አልባ መጠይቅ አይበትኑ

ትልልቅ ድርጅቶች ስም የማይጻፍበት መጠይቅ ይበትናሉ። ስድስት ሰው ባለበት ቤት ግን ስም አልባ የሚባል ነገር የለም። የእጅ ጽሑፉ ይታወቃል፣ አባባሉ ይታወቃል፣ «ወገቤን ያመኛል» ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል እንጂ፣ እንጀራው አለቃው እጅ ላይ ያለ ሰው ቢደብቅ አይፈረድበትም።

መውጫው ቀላል ነው። ስለ ሰውየው አካል አይጠይቁ፣ ስለ ሥራው ይጠይቁ። እያንዳንዱን ለብቻው፣ አሥር ደቂቃ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦

«ከሥራህ ላይ አንድ ነገር ማስቀረት ብትችል የቱን ታስቀራለህ?»

«ቀኑ አልገፋ የሚልህ የቱ ሰዓት ላይ ነው?»

«የሚያማርርህ ዕቃ የትኛው ነው?»

ሦስተኛዋን አይናቋት። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይጠነቀቃል፤ ስለ ወንበሩ ሲጠየቅ ግን አፉ ይፈታል። የሚጮኸው ማተሚያ፣ ገፍተው ገፍተው የማይከፈተው መሳቢያ፣ አንዱ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ፣ ሁሉም ይወጣል። ከነገሩዎት ውስጥ ቢያንስ አንዱን በሰባት ቀን ውስጥ ያስተካክሉ። ትንሹንም ቢሆን። ጠይቆ ዝም ማለት ካለመጠየቅ ይብሳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይነግርዎትም።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ያስተካክሉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህን ያድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 በጋራ ባወጡት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ፣ በልብ በሽታ የመሞት ዕድሉ ደግሞ 17 በመቶ ይጨምራል። ሰውን 60 ሰዓት እያሠሩ ፍራፍሬ ማከፋፈል የትም አያደርስም።

ከማታው መልእክት ይጀምሩ። ሐሳብ በመጣልዎት ሰዓት ይጻፉት፣ ግን ጠዋት እንዲደርስ አድርገው ይላኩት፤ አብዛኞቹ የኢሜይልና የመልእክት መተግበሪያዎች ይህን ያደርጋሉ። «አሁን መመለስ የለብህም» ብሎ ማታ 4 ሰዓት ላይ መላክ ምንም አይጠቅምም። ሰውየው አንዴ አንብቦታል፣ እንቅልፉ ሄዷል። ለእውነተኛ አስቸኳይ ጉዳይ ስልክ ይደውሉ። መደወል ስለሚያሳፍር የአስቸኳይ ጉዳይ ቁጥር በራሱ ጊዜ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ፈረቃ ካለዎት የፈረቃውን ፕሮግራም ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጥፉ። ነገ መቼ እንደሚገባ የማያውቅ ሰው ሐኪም ቤት ቀጠሮ መያዝ አይችልም፣ ልጁን የሚጠብቅለት ሰው ማግኘት አይችልም፣ በቅጡ አይተኛም። ጋፕ በተባለው የልብስ መደብር ሰንሰለት በተደረገ ሙከራ የሠራተኞች ሰዓት ይበልጥ እንዲረጋና እንዲታወቅ ሲደረግ፣ ለውጡ በተደረገባቸው ሱቆች ሽያጭ በ7 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። ለባለቤት ከዚህ የሚበልጥ ማሳመኛ አላውቅም።

እረፍት ደግሞ የሚተካ ሰው ከሌለ የወረቀት እረፍት ነው። «ምሳ ሰዓት ነው፣ ሂጂ» ይባላል፣ ስልኩን ግን የሚያነሣ የለም፣ ስለዚህ አትሄድም። ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው ያጣምሩ። አንዱ ሲወጣ ሌላው የእሱን ስልክና ደንበኛ ይይዛል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ወጪው ዜሮ ነው። ከተቻለ ደግሞ የሚበላበት ቦታ ከሚሠራበት ቦታ የተለየ ይሁን፤ ማዕዘን ላይ የተቀመጠች አንዲት ጠረጴዛም ትሆናለች።

የዓመት ፈቃድ ከሁሉም ይከብዳል። ትንሽ ድርጅት ውስጥ አንድ ሥራ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ከወጣ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ አይወጣም፤ ቢወጣም ስልኩ አያርፍም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ «እኔ ስሌለ» የምትል አንዲት ገጽ ይጻፍ። ከአንድ ገጽ አትለፍ። አራት ነገር ይኑራት፦ በየሳምንቱ መሠራት ያለበት ምንድን ነው፣ ፋይሉ የት ነው፣ የትኛው ደንበኛ መቼ ይደውላል፣ እና እኔ እስክመለስ ሊቆይ የሚችለው ምንድን ነው። ሰዎች የመጨረሻዋን መስመር ይዘሏታል። ዋናዋ ግን እሷ ናት። ተተኪው ሁሉንም ለመሥራት ሲሞክር እንዳይሞት የምታደርገው እሷ ነች። ገጿን ለመፈተሽ የጻፋት ሰው ቢሮ እያለ ተተኪው አንድ ቀን በእሷ ብቻ ይሥራ። የጎደለው ወዲያው ይታያል።

የታመመ ሰው ደግሞ ቤቱ ይቅር። እያስነጠሰ በመጣ ሰው «ጎበዝ» ማለት ከተለመደ በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹ ቢሮ ይተኛል።

ደረጃ 4፦ ወንበሩን፣ መደርደሪያውን፣ መስኮቱን

«ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ» የሚል ፖስተር አይለጥፉ። ሰው የሚጎብጠው ኮምፒውተሩ ዝቅ ስላለ ነው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ርቀቱ እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ያህል፣ ክርን ከጎን ሆኖ ወደ 90 ዲግሪ የታጠፈ፣ እግር ወለል የረገጠ። ላፕቶፕ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማሟላት አይችልም። ስክሪኑ ሲስተካከል እጅ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ላፕቶፑን የወረቀት እሽግ ላይ ያስቀምጡትና የተለየ ኪቦርድና ማውዝ ይግዙ። በጀት ካለዎት የመጀመሪያው ግዢ ይህ ይሁን። ሁለተኛው፣ ረጅም ሰዓት ለሚቀመጠው ሰው ጥሩ ወንበር። አዎ፣ ለሚቀመጠው። ጥሩው ወንበር ብዙ ጊዜ አለቃው ቢሮ ውስጥ ባዶውን ነው የሚውለው።

ለዓይን በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ገደማ የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ይመከራል። መስኮት ካለ ጥሩ ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ የተሻለ።

ዕቃ የሚነሣበት ቦታ ከሆነ መደርደሪያውን እንደገና ያደራጁ። ከባዱና ዘወትር የሚፈለገው በወገብ ከፍታ ላይ ይሁን። ቀላሉ ላይ፣ በዓመት አንዴ የሚነካው ታች። አንድ ሰው በቀን አርባ ጊዜ ከወለል ካርቶን የሚያነሣ ከሆነ፣ «በጉልበትህ አንሣ» የሚለው ሥልጠና የአንድ ከሰዓትን የመደርደሪያ ሥራ አይተካም። ከተቻለ ካርቶኑ ራሱ ይነስ፤ አቅራቢው በአነስተኛ እሽግ እንዲያመጣ መጠየቅ ነው። ቆሞ ለሚሠራ ሰው አልፎ አልፎ የሚቀመጥበት በርጩማና እግር ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ ትልቅ እፎይታ ነው። ጓንትና መነጽር የመጨረሻው መከላከያ ናቸው፤ መጀመሪያ አደጋው ራሱ ከቦታው እንዲጠፋ ይሞክሩ።

ደረጃ 5፦ እንቅስቃሴ፣ ያለ ውድድር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቢሮው ይህን ሁሉ ልሸፍን አይበል። ሁለት ሰው ብቻ የሚነጋገርበት ስብሰባ ከሆነ እየተራመዱ ያድርጉት። ረጅም ስብሰባ መሀል ላይ ይቋረጥ። በቃ። የክብደት መቀነስ ውድድር የሚባለውን ግን እባክዎን ይተዉት። ሰውን በባልደረቦቹ ፊት ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። የእርምጃ ቆጠራውም ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ከጨዋታ ያስወጣዋል።

ደረጃ 6፦ አንድ የደም ግፊት መለኪያ

ለጤና ምርመራ ብቻ ብለው አንድ ነገር ከገዙ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት የደም ግፊት ካለባቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት የሚሆኑ ሰዎች 46 በመቶው እንዳለባቸው አያውቁም። አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም።

አለካኩን አትመው መሣሪያው አጠገብ ይለጥፉ። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት የለም። ሽንት ቤት መሄድ ካለ ይሄዳሉ። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። ማሰሪያው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል፤ ክንዱም ጠረጴዛ ላይ አርፎ ከልብ ትይዩ ይሆናል። ሲለካ ማውራት የለም። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይደገማል። በተለያዩ ቀናት 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ነው። ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የእጅና እግር መዛል ወይም የአንደበት መያያዝ ካለ ያ ድንገተኛ ሕክምና ነው፤ ነገ አይባልም።

መሣሪያው የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። መዝገብ አይኑረው። «ስንት ሆነ?» ብለው አይጠይቁ፣ በቀልድም ቢሆን። ያለፈውን ንባብ የሚያስታውስ መሣሪያ ከሆነ እንዴት እንደሚሰረዝ አብረው ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ ወሬው እንዴት ይጀመር

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣ መዛልን፣ ማለትም በርንአውትን፣ በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው የገለጸው። ሦስት መልክ አለው፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መማረር፣ እና «ምንም ውጤት አላመጣም» የሚል ስሜት። ሁለተኛውን ብዙ አለቆች ስንፍና ይሉታል። ትናንት ስለ ደንበኛ ይጨነቅ የነበረ ሰው ዛሬ «እንደፈለገ» ማለት ከጀመረ ከመገሠጽ በፊት ቁጭ ብሎ ማነጋገር ይሻላል።

በየሁለት ሳምንቱ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ሩብ ሰዓት ይኑርዎት። የሥራ ሪፖርት የሚቀርብበት አይደለም። የሆነ ነገር ካዩ ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ «ሰሞኑን ዝም ብለሻል። ሥራው በዝቶብሽ ይሆን? እኔ ላነሣልሽ የምችለው ነገር ካለ ንገሪኝ።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ አይሙሉት። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ለማለት አይቸኩሉ፤ ያ ወሬውን ይዘጋዋል። «ደህና ነኝ» ካለች ይቀበሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አለ።

እርስዎ ሐኪም አይደሉም። በሽታ አይሰይሙ። በአካባቢዎ ያሉ የምክር አገልግሎት ሰጪዎችንና የነፃ የስልክ መስመሮችን ዝርዝር አዘጋጅተው መጸዳጃ ቤት በር ላይ በውስጥ በኩል ይለጥፉ። ሰው ብቻውን የሚያነብበት ቦታ እሱ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያንን ቁጥር የሚገለብጥ ሰው የለም። አንድ ሰው ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ሰዓት ባለሙያ ጋር ያገናኙት።

ደረጃ 8፦ እርስዎስ?

ሠራተኛ የሚከተለው የተጻፈውን ደንብ ሳይሆን አለቃው የሚያደርገውን ነው። እርስዎ ሁሌ ምሳ ሳይበሉ የሚውሉ ከሆነ እነሱም አይወጡም። የዓመት ፈቃድዎን ይውሰዱ፣ «እኔ ስሌለ» የምትለዋን ገጽ መጀመሪያ እርስዎ ይጻፉ። በነገራችን ላይ የአብዛኛው ትንሽ ድርጅት ትልቁ አደጋ እሷ ያልተጻፈች ገጽ ናት።

ደረጃ 9፦ በሦስተኛው ወር ይቁጠሩ

የሕመም ፈቃድ ቀን ደምረው «ፕሮግራሙ ሠራ» ወይም «አልሠራም» አይበሉ። አሥር ሰው ባለበት ቤት አንዱ እግሩን ቢሰበር ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፤ ያ ስለ ሥራዎ ምንም አይናገርም። ከዚህ ይልቅ በእጅዎ ያለውን ይቁጠሩ፦ በወሩ ስንት ምሽት ሰው አመሸ? ፈረቃው ከተለጠፈ በኋላ ስንት ጊዜ ተቀየረ? የዓመት ፈቃዱን ያልነካ ስንት ሰው አለ? አንድ ዕቃ ተበላሸ ከተባለ በኋላ ስንት ቀን ቆየ?

ያልሠራውን በግልጽ ይሰርዙ። እየተራመዱ የመሰብሰቡ ነገር ካልጣማቸው «ተውነው» ይበሉ፤ ማንም የማይጠቀምበት ነገር ግድግዳ ላይ ሲቆይ ቀጣዩንም ያረክሰዋል። አዲስ ነገር ከመጨመርዎ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች እንደገና ይጠይቁ። መልሱ ከመጀመሪያው ከረዘመ አይደንግጡ። ሰዉ መናገር ጀምሯል ማለት ነው። ያንን የመጀመሪያ ደብተር ደግሞ አይጣሉት። ማክሰኞ የሚለውን ገጽ ይክፈቱና፣ የሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመጣ ማን በስንት ሰዓት እንደወጣ ከጎኑ ይጻፉ።